ስለ ራዳሜስ ቀኝ እጅ

ለክቡር ዶን አኒባል ኬሳዳ
የፑንታ ሳላዳ ሻላዎች የቤዝቦል ቡድን ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ሙሉ ጤንነትም እመኝልዎታለሁ። በተለይ ዓይንዎና የእጅ አንጓዎ ደህና እንዲሆኑልዎ አጥብቄ እመኛለሁ፤ እነዚህ ሁለቱ በከተማችን ከቡድንዎ አጠገብ ሲደርሱ ብዙም አይበረክቱምና።

ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ኒኖስካ ፌሊስ እባላለሁ፤ ከወደቡ በላይ ባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። በቅርቡ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ያስቸገርኩዎት፣ እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠው አንድ ሰማያዊ የቡድኑን ኮፍያ ሸልመው የሸኙኝ ሴት እኔ ነኝ። አባቴ በትከሻው ተሸክሞ ስታዲየም ካስገባኝ ጊዜ ጀምሮ የሻላዎች ደጋፊ ነኝ። ሻላዎች ሲያሸንፉ ድስት እየደበደቡ መንገድ ላይ ከሚጨፍሩት፣ ሲሸነፉ ደግሞ በማግስቱ ያለ ጥፋቱ ደንበኛ ከሚቆጡት አንዷ ነኝ። ይህን የምነግርዎ፣ የጻፈችው ቡድኑን የማትወድ ሰው ናት እንዳይሉ ብዬ ነው።

የምጽፍልዎ ምስጋና ብቻ ነው። ሥርዓት እንዲኖረው በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ኳስ ወርዋሪውን ራዳሜስ ቫልዴራን ስላስፈረሙልን እናመሰግናለን። ትከሻው ተቀዶ ከተሰፋ ወዲህ በሜክሲኮም፣ በቬኔዝዌላም፣ በራሳችንም አገር የቀሩት ቡድኖች ሁሉ በትህትና ያሰናበቱትን ሰው እርስዎ ብቻ እጅዎን ዘርግተው ተቀበሉት። ለጋዜጠኞች ሲናገሩ በሬዲዮ ሰማሁዎ፤ «እኛ የገዛነው ልምድ ነው» አሉ። ልምዱን ማንም አይክድም። እንዲያውም በሰፈራችን ያንን ልምድ ፊቱ ላይ ይዞ የሚዞር ሰው አለ።

እሱም ሊቦሪዮ ማቴዎ ነው። የክርስትና እናቱ ስለሆንኩ እማ ኒና ነው የሚለኝ። ዛሬ ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ በዚያን ዘመን ግን እጁ ፈጣን፣ ዱላውም ፈጣን፣ የአሜሪካ ቡድኖች መልማዮች ወንበር ይዘው ሊያዩት የሚመጡ የሻላዎች ልጅ ነበር። ራዳሜስ ደግሞ ያን ጊዜ ለዋና ከተማው ቡድን ይወረውር ነበር፤ ኳሱም ከሁሉም ይፈጥን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእጁ ያመለጠች ኳስ፣ ዱላ ይዞ ሊመታት የቆመውን ሊቦሪዮን ግራ ጉንጩ ላይ አገኘችው። ድምፁን ከተቀመጥኩበት፣ ከሜዳው ጥግ ከመጀመሪያው ቤዝ ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በሰፈራችን በር በኃይል ሲዘጋ መቀሴን እጥል ነበር። የግራ ዓይኑ አልተረፈም። ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ብዬ አላውቅም። ራዳሜስ ግን ሊጠይቀው አልመጣም፤ አንድ ቃልም አልላከም።

ሁለተኛ፣ ስለ እርቁ እናመሰግናለን። ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው እንደነበር እኛም እነሱም ያወቅነው ከእርስዎ ማስታወቂያ ነው። እሁድ ዕለት ከመክፈቻው ጨዋታ በፊት ራዳሜስ ወርዋሪ ከሚቆምበት ጉብታ ላይ አንዲት ኳስ በቀስታ እንደሚወረውር፣ ሊቦሪዮም ዱላ ይዞ እንደሚቆም፣ ከዚያም ተቃቅፈው እንደሚያለቅሱ የሚናገር ሰሌዳ በየመንገዱ ተሰቀለ። የሊቦሪዮ ፎቶግራፍ ከቀኝ በኩል ብቻ የተነሳ ነበር። ለዚህ ጥንቃቄዎ ልዩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የቢሮዎ ሰዎች የቀድሞ ቁጥሩ ያለበትን መለያ ይዘው ቤቱ ሲመጡ፣ እናቱ ዶኛ ቴኦፊላ በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄን አንዴ ሰጠኋችሁ፤ የመለሳችሁልኝን ታውቃላችሁ። ሂዱ» አለቻቸው። ሊቦሪዮ ግን ከውስጥ ወጥቶ መለያውን ተቀበለና፣ «እቆማለሁ» አለ። ለምን እንደሆነ ለእሷም ለእኔም አልነገረንም።

ሦስተኛው ላይ ቁጥሬ ይበላሽብኛል፤ ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በቁጥር የሚደረደር ስላልሆነ፣ እንደሆነው ብነግርዎ ይቅርታ እንደሚያደርጉልኝ አምናለሁ።

እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ልምምድ አያዩም። እኛ ግን ከግንቡ ማዶ ቆመን እናያለን። ራዳሜስ የወረወራት የመጀመሪያዋ ኳስ ከመቺው ጀርባ ካለው የመከላከያ መረብ በላይ አልፋ የትኬት ቤቱ ጣሪያ ላይ አረፈች። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ሲፕሪያን አጠገቤ ነበር፤ «ተዉት፣ ሰውየው ወፍ እያደነ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሌላዋ መሬት መታች። «አሁን ደግሞ አይጥ» አለ፤ ደግመን ሳቅን። ቀጥላ የተወረወረችው በገዛ ቡድናችን መቺ ጀርባ፣ ከማጅራቱ በስንዝር ርቃ አለፈች። መቺው ዞር ብሎ ያለፈችበትን ቦታ አየ። ከዚያ በኋላ ሲፕሪያንም አልቀለደ፣ እኛም አልሳቅን።

ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀልበው ዮኤል ጭንብሉን አውልቆ ወደ ጉብታው ሄደ። የራዳሜስን ቀኝ እጅ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጫን ጀመር፤ በእያንዳንዱ ጣት ላይ ቀና እያለ ፊቱን ያየዋል። የሚነጋገሩት አይሰማም ነበር። ዮኤል ሲመለስ ግን ወደ ቦታው አልሄደም፤ መጀመሪያ ወደ አሠልጣኙ ሄደ። አሠልጣኙም አዳመጠውና ወደ እርስዎ ቢሮ መስኮት ቀና ብሎ አየ። መጋረጃው ዝግ ነበር።

በማግስቱ የሊቦሪዮን የሥራ ልብስ ጠግኜ ልሰጠው ወደ ወደቡ ወርጄ ሳለሁ ራዳሜስ መጣ። ረጅም ነው፤ የጥገናው ቤት በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ሊቦሪዮ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«አውቄሃለሁ። ግባ። ያ ወንበር እግሩ ሰባራ ነው፣ ወዲህኛው ላይ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ራዳሜስ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ትንሽ ብሎን አንስቶ በቀኝ እጁ ጣቶች መሃል ያሽከረክር ጀመር። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዶኛ ቴኦፊላ ጤና ጠየቀ። በዚህ መሃል ብሎኑ ከእጁ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ጣቶቹ ግን ማሽከርከራቸውን አላቆሙም።

«ወድቋል እኮ» አለው ሊቦሪዮ።

«ምኑ?»

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ የሚያስፈራ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች «ምኑ» ያስፈራኝ የለም።

ራዳሜስ እጁን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ። «ለዚህ ነው የመጣሁት» አለ። «ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሁለቱ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ኳሷ ስትወጣ አይሰማኝም። እሁድ አትቁም። አሞኛል በላቸው።»

«አንተ ለምን አትልም?»

«ካልኩ ያሰናብቱኛል። ከዚህ ሌላ የሚወስደኝ የለም፤ ሁሉንም ዞሬ ጨርሻለሁ።»

ሊቦሪዮ የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ያን ቀን ኳሷ ከእጅህ ስትወጣ አየኋት» አለው። «ስትደርስ ግን አላየኋትም። ይሄን ያህል ዓመት እዚያው ቆሜ የምጠብቃት ይመስለኛል። ሞተር ስፈታ፣ ስበላ፣ ስተኛ ልትደርስ ነው እያልኩ እሸማቀቃለሁ። ወይ ትምታኝ ወይ ትለፈኝ፤ ብቻ ትድረስ።»

«እኔ በቀስታ መወርወር አልችልም ነው የምልህ።»

«ሰምቻለሁ። እቆማለሁ።»

ራዳሜስ ሲወጣ እኔን ገና እንዳየኝ ሁሉ ቆም ብሎ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩት» አለኝ። ነገርኩት። ለመንኩት፤ አለቀስኩም። ሊቦሪዮ ሞተሩን ከመፍታት አላቆመም።

ወደ እርስዎ የመጣሁት ያን ጊዜ ነው። የሰውየው ጣቶች እንደደነዘዙ ነገርኩዎ። ዮኤል እንደሚያውቅ፣ አሠልጣኙም እንደሚያውቅ ነገርኩዎ። እርስዎም በፈገግታ፣ «ዶኛ ኒኖስካ፣ የእርስዎ ሥራ መርፌ ነው፣ የእኔ ሥራ ቤዝቦል። እኔ ስለ ስፌትዎ አስተያየት ሰጥቼ አውቃለሁ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ስለ ስፌቴ አስተያየት ሰጥተው አያውቁም፤ ለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀጥለውም፣ «ሕዝቡ ትንሽ ማልቀስ ይፈልጋል፤ ለቡድኑም ጥሩ ነው» ብለው ኮፍያውን ሰጡኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ሞላ። የማርሽ ባንዱ አጥሩ ስር ተደርድሮ ነበር፤ የሻላ ልብስ የለበሰው ሰውዬም ትልቁን አፉን እየከፈተና እየዘጋ ሕዝቡን ያስቅ ነበር። ዶኛ ቴኦፊላ አልመጣችም። ቤቷ ሬዲዮውን ዘግታ፣ ጎረቤቶቿንም እንዲዘጉ ለምና ተቀምጣ ነበር። እኔ ግን የክርስትና እናቱ ነኝና ከመጀመሪያው ቤዝ ጀርባ ተቀመጥኩ።

ሊቦሪዮ ሄልሜት አድርጎ ነበር የወጣው። የማስታወቂያ ክፍልዎ ወጣት ሮጦ ደረሰና ጆሮው ስር አንድ ነገር አለው። በኋላ ሊቦሪዮ እንደነገረኝ የተባለው፣ «ለቴሌቪዥኑ ፊትህ እንዲታይ አውልቀው» ነው። ሊቦሪዮ ወጣቱን ትንሽ አየው፤ ከዚያ ሄልሜቱን አውልቆ ሰጠው። ወጣቱም አመስግኖት ሄደ። በቡድንዎ ውስጥ ጨዋነት እንደማይጓደል ይህን ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

መቺ ሲቆም ግራ ጎኑ ነው ወደ ወርዋሪው የሚዞረው። ሊቦሪዮ በዚያ በኩል አያይም። ስለዚህ አገጩን ግራ ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ ሙሉ ፊቱን አዙሮ፣ በቀኝ ዓይኑ ራዳሜስን አየው። ዮኤል በርከክ ማለት ሲገባው አልተንበረከከም። ቆሞ ነበር፤ ያውም ወደ ሊቦሪዮ ተጠግቶ፣ ሊቃቀፉ የመጡት እነሱ እስኪመስሉ ድረስ። ዳኛው ወደ ኋላ እንዲል በእጁ አመለከተው። ዮኤል እንዳልገባው ሆኖ ቀረ።

ራዳሜስ ኳሷን ይዞ ቆመ። በጣም ቆየ። ከላይኞቹ መቀመጫዎች ፉጨት ተጀመረ። ራዳሜስ ወደ እርስዎ ወንበር ዞሮ አየ፤ ይህን ስታዲየም ሙሉ ሰው አይቷል። እርስዎም አውራ ጣትዎን ከፍ አድርገው አሳዩት።

ወረወረ።

በቀስታ ለመወርወር ጣት እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት በኋላ ከራሱ ከራዳሜስ ነው። ጣቱ የደነዘዘ ወርዋሪ የሚያውቀው የትከሻውን ኃይል ብቻ ነው፤ ቀስ ልበል ሲል ኳሷ ገና በጀርባው በኩል ትወድቅበታለች፤ ስለዚህ በሙሉ ኃይሉ ከመወርወር ሌላ ምርጫ የለውም። ኳሷ በቀጥታ ወደ ሊቦሪዮ ፊት መጣች። ሊቦሪዮ አልተንቀሳቀሰም። ዮኤል ጓንቱን ይዞ ዘለለ፤ ኳሷም ከጓንቱ በታች የእጅ አንጓው ላይ አርፋ ወደ አጥሩ ነጠረች።

የሕዝቡ ጭብጨባ ትዝ ይልዎታል? የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው ነው። በድምፅ ማጉያውም «እርቁ ተፈጸመ» ተባለ፤ ባንዱም ጀመረ። ዮኤል መሬት ላይ ተንበርክኮ ክንዱን በሆዱ አቅፎ ነበር። ራዳሜስ ጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሊቦሪዮ ዱላውን አስቀምጦ የዮኤልን የጫማ ማሰሪያ ይፈታ ጀመር፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ስጠይቀው፣ «እኔ የወደቅኩ ጊዜ አንድ ሰው እንደዚያ አድርጎልኝ ነበር» አለኝ። ማን እንደነበረ አያውቅም።

የዮኤል አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ዘንድሮ አይጫወትም፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው ሐኪሙ መናገር አልፈለገም። እርስዎ ያወጡት መግለጫ ደግሞ «ከባሕሩ በመጣ እርጥበት ምክንያት ኳሷ አምልጣለች» ይላል። ባሕሩ መልስ የመስጠት ልማድ ስለሌለው እኔም ስለ እሱ ዝም እላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ራዳሜስ ቢሮዎ መጥቶ እንዲያሰናብቱት ጠየቀዎ። ይህን ያወቅሁት ከእርስዎ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ጥገናው ቤት ስለመጣ ነው። «ሕዝቡ የሚመጣው አንተን ሊያይ ነው፤ የዓርቡን ጨዋታ ወርውረህ የምትጀምረው አንተ ነህ» እንዳሉት ነገረን። አሁን በየጠዋቱ ይመጣል። ሊቦሪዮ ጨርቅና የናፍጣ ጣሳ ሰጥቶት የሞተር ዕቃ ያጥባል። ትንንሹን ዕቃ አይሰጠውም።

ሊቦሪዮን ለብቻው ሳገኘው፣ «ታዲያ አሁን እንዴት ነህ?» አልኩት።

«አየኋት፣ እማ ኒና» አለኝ። «እስከ መጨረሻው አየኋት፤ ስፌቷ ሲዞር ሁሉ። ደርሳለች። ትናንት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።» ከዚያ ወደ ራዳሜስ በአገጩ አመለከተ። «አሁን የምፈራው ዓርብ ለሚቆመው ነው።»

እኔም ሄጄ ራዳሜስን ጠየቅሁት። «ዓርብ ትወጣለህ?»

እጁ ናፍጣው ውስጥ ነበር። አላወጣውም። «ከጠሩኝ እወጣለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «ሌላ ማን ይጠራኛል?»

ተቆጥቼ ልሰድበው ነበር የሄድኩት። አጠገቡ ቆሜ ግን ስድቡን አጣሁት። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው በስሙ ሲጠራ ወደ ጉብታ መውጣትን ብቻ ከሆነ፣ ሲጠሩት መቅረትን ከየት ይማረዋል? አለመጥራት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በአንዲት ትንሽ ልመና ልጨርስ። ራዳሜስን አሠልጣኝ ያድርጉት። አስተያየት ሰጪ ያድርጉት። ከፈለጉ የሻላውን ልብስ ያልብሱት፤ ቁመቱ ይበቃል። ስሙን በድምፅ ማጉያ ይጥሩለት፣ ሕዝቡ ተነስቶ ያጨብጭብለት፤ ከሁሉም ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ኳስ ብቻ አይስጡት።

ለቡድናችን ስለሚያደርጉት ሁሉ፣ ስለ ልምዱ፣ ስለ እርቁ፣ ስለ ኮፍያውም ጭምር ያለኝን ወሰን የሌለው ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ከፍታ የተነሳ ወደ ሜዳው ማየት ቢያስቸግርዎ ዝቅ ብለው የሚያዩበትን ጤና እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዘወትር ደጋፊዎ
ኒኖስካ ፌሊስ
ፑንታ ሳላዳ

ማስታወሻ፦ ዓርብ ከእንግዳው ቡድን መጀመሪያ የሚቆመው መቺ ሃንሴር ቶሪቢዮ የሚባል አዲስ ልጅ እንደሆነ በሬዲዮ ሰማሁ። ከተራራው ወገን ነው፤ እናቱ ዶኛ ማክሲማ ስታዲየም ሲጫወት ልታየው ለመጀመሪያ ጊዜ በአውቶቡስ ትመጣለች። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላትና ሁሉን ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ይህን ያህል ጊዜ በጠበቀው ቀን፣ ልጄን አትጫወት ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔ መርፌ እንጂ ቤዝቦል እንደማላውቅ እርስዎ ነግረውኛል። ስለዚህ ቦታ ይዘንልዎታል። በግራዋ እኔ እቀመጣለሁ፤ በቀኟ ያለው ወንበር የእርስዎ ነው። ይምጡና መልሱን እርስዎ ይስጧት፤ እባክዎ አይዘግዩ፣ ልጇ የሚቆመው ገና በመጀመሪያዋ ኳስ ነው።